በራሱ ስለሚከፈተውና በራሱ ስለሚቆለፈው የመኪና በር

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከመሥሪያ ቤት መልስ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ አየር ጤና፥ ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ የምትጓዙ ሁሉ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። መኪናውን ከሱቅ ደጃፍ አቁሞ፥ ጎንበስ ብሎ፥ ቁልፉን በበሩ ቀዳዳ ከትቶ የሚያዞር ሰው እየጠፋ ሄዷል። አንዱ ከኪሱ ሪሞት አውጥቶ ይጫናል፤ መኪናዋም በፍሬቻዋ ጠቀስ አድርጋ ትመልስለታለች። ሌላው ይህንንም አያደርግም፤ ሪሞቱ ከኪሱ ሳይወጣ እጁን ወደ እጀታው ሲዘረጋ በሩ ይከፈትለታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ የሚገቡት አዳዲስ መኪናዎች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት በር ያላቸው ስለሆኑ፥ ነገሩ በኮልፌ ቀራንዮ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሳይቀር የዘወትር ሆኗል።

ስለዚህ በር ለመናገር የተነሣሁት ምቾቱን ለማወደስ አይደለም፤ ምቾቱን ባለቤቱ ያውቀዋል። ነገር ግን ብዙ ባለመኪና በሩ በምን ዘዴ እንደሚቆለፍ ስለማያውቅ፥ ቆልፌዋለሁ ብሎ የሄደውን በር ተከፍቶ ያገኘዋል። ዕቃው ተወስዶ ሲያገኝም መስተዋቱ ስላልተሰበረ፥ በሩም ስላልተፈለቀቀ፥ ለፖሊስም ሆነ ለመድን ድርጅት ማስረዳት ይቸግረዋል። ራሱንም ይጠራጠራል።

እንግዲህ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የጋን ቁልፍ ምሥጢር ቅርጹ ነው። ጥርሱ ከውስጡ ብረት ጋር ከገጠመ ይከፈታል፤ ካልገጠመ አይከፈትም። በኪሳችን የምንይዘው የዛሬው የመኪና ቁልፍ ግን ምሥጢሩ ቁጥር ነው፤ ያንንም ቁጥር ለመኪናው የሚነግረው በራዲዮ ነው። ይህን ስል በምሳሌ መናገሬ አይደለም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የምንለው ጣቢያ ማዕበሉ በሰከንድ 97 ሚሊዮን 100 ሺህ ጊዜ ስለሚርገበገብ ይህን ስም አገኘ። በኪሳችሁ ያለው ትንሽ ጣቢያም እንዲሁ የራሱ ቁጥር አለው፤ ለጃፓንና ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት መኪናዎች ብዙውን ጊዜ 315 ሜጋኸርዝ አካባቢ፥ ለአውሮፓና ለብዙዎች ሌሎች አገሮች በተሠሩት ደግሞ 433.92 ሜጋኸርዝ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ሳንቲም ከምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ድምፁ ከጥቂት ዐሥር ሜትሮች እምብዛም አያልፍም።

ይህች ቁጥር በኛ ከተማ ብዙ ሰው ታስቸግራለች። ለምሳሌ ያህል፥ ከጃፓን የመጣችው ቪትዝና ከአውሮፓ የመጣችው ያሪስ በመልክ እኅትማማቾች ናቸው፤ የሁለቱ ሪሞት ግን የሚናገረው በየራሱ ማዕበል ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ሪሞት ሲጠፋበት መርካቶ ወርዶ መልኩን ብቻ አይቶ ይገዛል፤ ቁልፍ ሠሪው ግማሽ ቀን ቢደክም መኪናዋ አትሰማም። ከኋላው የተጻፈውን ቁጥር ቀድሞ ማየት ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

የመኪናን በር በሩቅ መክፈት የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ሲሆን፥ ፖል ሊፕሹትዝ የተባለው ሰው የፈለሰፈው መሣሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. በሬኖ ፉዌጎ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ድረስ ሪሞቱን ከስሙ ወስደው «ፕሊፕ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ በገበያ የተስፋፉት ብዙዎቹ ሪሞቶች አንድ ትልቅ ጉድለት ነበራቸው፤ ሁልጊዜ የሚናገሩት ያንኑ አንድ ቁጥር ነበር። በአጠገብ የቆመ ሌባ ቁጥሩን በመሣሪያ ቀድቶ ባለቤቱ ሲሄድ መልሶ ቢያሰማው በሩ ይከፈትለታል። በሩ ባለቤቱንና ሌባውን የሚለይበት ዓይን የለውምና።

መድኃኒቱ የተገኘው በጦር ሰፈር ከሚታወቅ ልማድ ነው ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ዘበኛ በጨለማ የመጣውን ሰው የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል፤ ቃሉ ግን በየሌሊቱ ስለሚለወጥ የትናንቱን የሰማ ሰላይ ዛሬ አይጠቀምበትም። በሪሞቱ ውስጥ እንደዚሁ ቆጣሪ ተደረገበት፤ በተጫናችሁት ቁጥር አንድ ይጨምራል። ቆጣሪው ያለበት ቁጥር በምሥጢር ስሌት ተሰውሮ ይላካል፤ መኪናውም ያንኑ ስሌት ስለሚያውቅ ፈትቶ ያነብበዋል፤ ቀድሞ ከሰማው የሚበልጥ ከሆነ ይከፍታል፤ ያለፈ ከሆነ ግን ዝም ይላል። ከነዚህ ዘዴዎች እጅግ የተስፋፋው ኪሎክ የሚባለው ሲሆን፥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው በአህጉራችን፥ በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1995 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የተሰወረው ቁጥር ከ4 ቢሊዮን በላይ መልክ ሊኖረው ስለሚችል፥ በግምት አግኝቶ መክፈት የማይታሰብ ነው። ሆኖም በ2007 እና በ2008 የአውሮፓና የእስራኤል ሊቃውንት የኪሎክን ስሌት የሚፈቱበትን መንገድ አሳይተዋል፤ ስለዚህ የኋለኞቹ መኪናዎች የጠነከረ ስሌት እንዲይዙ ተደረገ።

እዚህ ላይ ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ ሆኖ ሪሞቱን እንደ መጫወቻ ደጋግሞ ቢጫነው፥ ቆጣሪው መኪናው ሳይሰማ ወደ ፊት ይሮጣል። መኪናው ጥቂቱን ይታገሣል፤ በኪሎክ ዘዴ ለምሳሌ የሚቀጥሉትን 16 ቁጥሮች ወዲያው ይቀበላል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ግን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካልተጫናችሁት አይከፍትም። ሪሞቱ ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

መኪናው ቃሉን ከተቀበለ በኋላ የሚሆነው ቀላል ነው። በየበሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ጥርሳም ጎማ አዙራ የመቆለፊያውን ዘንግ ትገፋለች ወይም ትስባለች። እጀታውን ስትይዙ ከውስጥ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የርሷ ነው። ሞተሯ ስትደክም ድምፁ ይሰማል፥ በሩ ግን አይቆለፍም። ሦስቱ በሮች ተቆልፈው አራተኛው ክፍት የሚያድረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከኪስ ሳይወጣ ወደሚከፍተው ቁልፍ ልለፍ። ይህ ዓይነቱ መርሴዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በትልቁ መኪናው ላይ ከገጠመው ወዲህ ወደ ርካሾቹም ወርዷል። በዚህኛው ጠያቂው መኪናው ነው። እጀታውን ስትነኩ ከበሩ ደካማ ጥሪ ይወጣል፤ ጥሪው ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ እንዳይሰማ ሆን ተብሎ የተመጠነ ነው። ቁልፉ ጥሪውን ከሰማ በራዲዮ ይመልሳል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቁልፉ ከሰማ ቅርብ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ባለቤቱ ከበሩ አጠገብ ቆሟል ማለት ነው።

ይህ ግምት ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ8 ፋብሪካዎች የወጡ 10 ዓይነት መኪናዎችን መርምረው ነበር። አንዱን መሣሪያ ከመኪናው አጠገብ፥ ሌላውን ከቁልፉ አጠገብ አድርገው ጥሪውን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገሩት። ዐሥሩም ተከፈቱ፤ ሞተራቸውም ተነሣ። ስሌቱን የፈታ፥ ቁጥሩንም የገመተ ማንም አልነበረም፤ ጥያቄና መልሱ በሩቅ እንዲደማመጡ ብቻ ተደረገ። በአውሮፓ ከተሞች ከዚህ ወዲህ ብዙ መኪና የተሰረቀው በዚሁ መንገድ ነው።

በሰፈራችን መኪናው ከግቢው በር ሥር ያድራል፤ የቤቱ ግድግዳ ከመኪናው ጥቂት ርምጃ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በመግቢያው በር ላይ በተመታ ምስማር ይሰቀላል። ለዚህ ዓይነቱ ስርቆት ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ የለም። ቁልፉን ወደ ውስጠኛው ክፍል ማስገባት ይጠቅማል፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ማሳደር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ብረት የራዲዮን ማዕበል ያፍናልና። ቆርቆሮው መልካም መሆኑን ለማወቅ ቁልፉን ከነቆርቆሮው ይዛችሁ ወደ መኪናው ሂዱና እጀታውን ንኩ፤ ከተከፈተ ሌላ ቆርቆሮ ፈልጉ። በቅርብ ጊዜ የወጡ አንዳንድ ቁልፎች ሳይነቃነቁ ሲቆዩ በራሳቸው ዝም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጥሪው ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካሉ፤ የራዲዮ ማዕበል በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ሌባው ጥሪውን ቢያሻግርም የመንገዱን ርዝመት ሊሰውር አይችልም።

ሌላው የስርቆት ዘዴ ከዚህ እጅግ ያነሰ ብልሃት የሚጠይቅ ስለሆነ ይበልጥ ያሠጋኛል። እናንተ ለመቆለፍ በምትጫኑበት ቅጽበት፥ በቅርብ የቆመ ሰው በዚያው ማዕበል ላይ ጩኸት ይለቅቃል። ሁለት ጣቢያ ሲደራረብ ራዲዮ እንደሚንጫጫ ሁሉ መኪናው ቃላችሁን አይሰማም። እናንተ ግን ተጭናችኋልና፥ በስልክ እያወራችሁ ወደ ጉዳያችሁ ታመራላችሁ። በደቡብ አፍሪካ የገበያ ማዕከሎች መኪና ማቆሚያ ይህ የታወቀ የሌቦች ሥራ ነው። መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፍሬቻው ሲበራ ሳታዩ፥ የሚታጠፍ ስፖኪዮ ካለውም ሲታጠፍ ሳታዩ ጀርባችሁን አትስጡ። በሪሞት ብቻ የሚሠራ ከሆነ እጀታውን ሳቡት። በኪስ ቁልፍ የሚሠራውን ግን በመሳብ ልትፈትኑት አትችሉም፤ እናንተ አጠገቡ እስካላችሁ ድረስ ይከፈትላችኋልና።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምትሠሩ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር ላሳስብ። ሾፌር ሲቀየር ቁልፉ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ አዲሱም ሾፌር በሞዴል 22 ፈርሞ ይረከባል። በዚህ ርክክብ የሚቆጠረው ግን ዕቃው ብቻ ነው። በመኪናው ማኅደር ውስጥ የሦስተኛ ቁልፍ ስም ተመዝግቦ ቢገኝ፥ ያ ቁልፍ የትም ይሁን የት በሩን ይከፍታል፤ ሞተሩንም ያስነሣል። ስለዚህ ቁልፍ የጠፋ እንደሆነ አዲስ ማስቀረጽ ብቻውን አይበቃም፤ የጠፋው ከመኪናው ማኅደር እንዲሰረዝ ማዘዝ ያስፈልጋል። ባለሙያው መሣሪያውን ሲያገናኝ ስንት ቁልፍ እንደ ተመዘገበ ሊያነብላችሁ ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሰው ሊብሬውን በሚያይበት ዓይን ይህን ቢያይ መልካም ነው።

በራሱ መቆለፍ የሚባለውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው በጉዞ ላይ የሚሆነው ነው፤ መኪናው በሰዓት ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ በሮቹ ይቆለፋሉ። ጥቅሙ በመንገድ መጨናነቅ መካከል ከውጭ በር ከፍቶ ቦርሳ የሚነጥቅ እንዳይኖር፥ ልጅም በሩን ከፍቶ እንዳይወድቅ ነው። አንዳንድ ሰው ግጭት ቢደርስ ተቆልፌ እቀራለሁ ብሎ ይህን ያስጠፋዋል። ነገር ግን ግጭት መኖሩን ለአየር ከረጢቱ የሚነግረው መሣሪያ ለበሮቹም ስለሚነግር፥ በአብዛኞቹ መኪናዎች መቆለፊያው ወዲያው ይለቃል። ሁለተኛው የኋላ በሮች የልጆች መቆለፊያ ነው፤ ይህ በበሩ ጠርዝ ያለች ትንሽ ብረት ስትሆን ከሪሞቱ ጋር ግንኙነት የላትም። ሦስተኛው በስሕተት ከፍታችሁ በሩን ሳትነኩ ብትሄዱ ከ30 ሰከንድ ወይም ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልሶ የሚቆልፈው ነው። ይህ ጠቃሚ ቢሆንም ሰውን ያዘናጋል፤ አንድ በር ከፍቶ የዘጋ ሰው ይቆለፍልኛል ብሎ ቢጠብቅ ብዙዎቹ መኪናዎች አይቆልፉለትም።

በመጨረሻ የባትሪውን ነገር ልንገራችሁ። የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ስለማያውቅ ነው። በብዙዎቹ ሪሞቶች ሆድ ውስጥ ቀጭን የብረት ቁልፍ ተሰውሮ ተቀምጧል፤ ቀዳዳውም በሾፌሩ በር ላይ፥ አንዳንድ ጊዜ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ከገባችሁ በኋላ ሪሞቱን ከማስነሻው ቁልፍ ጋር ብታስጠጉት፥ ወይም ፋብሪካው በወሰነለት ቦታ ብታኖሩት፥ መኪናው ኃይሉን ራሱ ሰጥቶ ቃሉን ይሰማዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለጉዞ የሚሆነው ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ፥ በሩን የሚያዘው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ከበሩ ጋር ተስተካክሎ የተሰወረው እጀታ ብቅ አይልም። ከውስጥም መክፈቻው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መልስ አይሰጥም። የቻይና መንግሥት ራሱ ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሩ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ከውጭም ከውስጥም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚሠራ መክፈቻ እንዲኖራቸው የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀደም ብለው ወደ እኛ የገቡት አብዛኞቹ ከውስጥ የእጅ መክፈቻ አላቸው፤ ቦታው ግን እንደየፋብሪካው ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ ከበሩ ኪስ በታች፥ በሌሎቹ ከምንጣፍ ሥር ነው። ከኋላ ወንበር ለሚቀመጡትም እንደዚሁ ተለይቶ ይፈለጋል። የመኪናችሁ መመሪያ በቻይንኛ ብቻ ተጽፎ ከመጣ፥ ሻጩ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት አራቱንም በሮች ያለ ኤሌክትሪክ ከውስጥ በእጁ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።