መጽሐፉ ከሕፃኑ ጋር ወደ ቤት ይሂድ



አባቶቻችን በጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍቱት ነበር። ሣር ሲዘጋ ያድጋል። ለሕፃናት በነጻ የተሰጠ መጽሐፍ ግን «እንዳይቀደድ» ተብሎ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቻለሁ፤ አንድም ልጅ አላነበበውም።

አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ኋላም በሐዋሳ መጻሕፍቱ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ ሄዱ። በአብነት ትምህርት ቤታችንም ልጅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የሚደግመው መጽሐፉን ይዞ ነው። ፊደል የለየ ልጅ ከበግ ጥበቃ ሲመለስ በቤቱ የሚያነበው ካጣ፣ የለየውን ይረሳል።

አዎን፣ ቤታችን ጭስ አለው፤ የልጅም እጅ ጭቃ አያጣውም። ይቀደድ ይሆናል፤ ይቀደድ! ለዳዊት ማኅደር የሚሰፉ እጆች በመካከላችን አሉና፣ ለልጁም መጽሐፍ ትንሽ ማኅደር ይስፉለት። ማንበብ ያልተማራችሁ እናቶችም አትፈሩ፤ ሥዕሉን እያያችሁ «እዚህ ላይ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዛሬ የሚታደሉት መጻሕፍት ከልጆቹ ጋር ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በመጪው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያነበቡትን ከዚሁ ቆመው ያሰሙናል።