ምሕረት የተደረገላት ምሕረት ታድርግ

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት ያለችን አንዲት ቀን ናት፤ እሷንም ከእንቅልፋችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ እንደናንተው የሰው ቤት ስጠርግ የምውል ነኝ። ስለ ምሕረት ተናገሪ ስትሉኝ የደረሰብኝን ልንገራችሁ ብዬ ነው የቆምኩት።

በ2020 እዚህ ቤሩት ዶላር ጠፍቶ ሊራው ሲወድቅ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ደሞዝ መክፈል ያቃታቸው ብዙ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ እያወረዱ ሄዱ። እኔም አንዷ ነበርኩ። የአምስት ወር ደሞዜ እዚያው ቤት ቀረ። የዚያን ቀን በዓይን ብቻ የማውቃት አንዲት እህት ከመንገድ አንስታ ወሰደችኝ። ከአራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው። ፍራሿን ለሁለት ተካፈልን። አራት ወር ሙሉ የኪራይ አምጪ አላለችኝም።

አንድ ማታ በር ተንኳኳ። ስከፍት፣ ድሮ 200 ዶላር አበድሬያት ስልኳን ቀይራ የጠፋችብኝ ልጅ ቆማለች። ያኔ 200 ዶላር የወር ደሞዜ ነበር፤ ለእናቴ መድኃኒት ልልከው ያሰብኩት። ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ አቆምኳትና "አንቺ እዚህ አትገቢም! ሌባ!" አልኳት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ያቺ ያስጠጋችኝ እህት ከኋላዬ መጥታ ቀስ ብላ "አንቺን ሳስገባሽ የማን ዕዳ አለብሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ። እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። ምን እላለሁ?

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ባሪያ ትዝ አለኝ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳውን ተወለት፤ እሱ ግን ወጣ ብሎ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ፣ አሳሰረውም። እስቲ በደሞዝ እናስላው። ዲናር ያን ጊዜ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደሞዝ ነበር። አንድ መክሊት ደግሞ 6,000 ዲናር ያህል ነው። ስለዚህ እልፍ መክሊት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ማለት ነው፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል! የባልንጀራው ዕዳ የመቶ ቀን፣ የሦስት ወር ከአሥር ቀን ነው። ልብ በሉ፣ የመቶ ቀን ደሞዝም ቀላል አይደለም። ጌታችን ዕዳው ምንም አይደለም አላለም። የኔም 200 ዶላር ምንም አልነበረም። ጥያቄው እኔ ራሴ በምን ቆሜያለሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆመን እግዚኦታ ስናደርስ እንደ ሥራችን ክፈለን እንላለን እንዴ? ማረን ነው የምንለው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠዋት ተነስቼ አላቀፍኳትም። አንድ ሳምንት አላናገርኳትም። እሷም እንደኔው ያለ ደሞዝ እንደተባረረች ቆይቼ ሰማሁ። አንድ እሁድ ቡና አፍልቼ ስኒውን ሰጠኋት። አቀርቅራ ተቀበለችኝ። ሀገሯ ከመግባቷ በፊት 80 ዶላር መለሰችልኝ፤ የቀረውን ተውኩላት። ነገር ግን እናቴ በታመመች ቁጥር ያ 120 ዶላር ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ እንደገና እተውላታለሁ። ለጴጥሮስ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል የተባለው፣ አንዱን በደል ራሱን ደጋግመን ይቅር ማለት ስላለብንም ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብን። "ይቅር በያት" እያልን የምትደበደብ እህታችንን ወደዚያው ቤት አንመልሳት። ለሷ ምሕረት ማድረግ ማለት ማስጠጋት ነው። የቀረ ደሞዝ መጠየቅም ቂም አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ የሠራተኛ ደሞዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮህ ጽፏል። እኔ ማዳሜን እንዳልረግማት እጸልያለሁ፤ እሷም ያኔ ጭንቅ ላይ ነበረች። የአምስት ወር ደሞዜን ግን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እህቶቼ፣ እኛም መካከል በገንዘብ፣ በወሬ፣ በዘር የተኳረፍን አለን። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለአንዷ ደውሉላት። ደጃችን የምትመጣውንም ክርስቲያን ናት ሙስሊም፣ የየት ሀገር ልጅ ናት ከማለታችን በፊት "ግቢ" እንበላት።

ያቺ እህቴ አሁን ሀገሯ ገብታለች። ፍራሹን ለኔ ትታልኝ ነው የሄደችው። ግማሹ ባዶ ነው፤ የተቸገረች ካለች ቤቴን ታውቁታላችሁ።