መኪና ከሌላ ስቴት ስንገዛ፦ ግብሩ፣ ታርጋውና አማናው

  

 የዛሬው ርዕሳችን ከዚህ ፕሮግራም የማትጠብቁት ሊሆን ይችላል። ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ስለ መኪና ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ሙስሊሞች አንዳችን ቨርጂኒያ እናድራለን፣ ዲሲ እንሠራለን፣ ለጁሙዓ ሜሪላንድ እንሻገራለን። መኪናም የምንገዛው እንደዚሁ ነው፤ ዋጋው ረከስ ያለበት ስቴት ድረስ ሄደን ይዘን እንመጣለን። ከዚያ በኋላ ግን ግብሩ ለማን እንደሚከፈል፣ ታርጋው ከየት እንደሚወጣ ግራ የሚገባን ብዙዎች ነን። ግራ በተጋባን ሰዓት ደግሞ ሸይጣን አቋራጩን መንገድ ያሳየናል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወንድም ከዒሻእ ሶላት በኋላ ጠብቆ አናገረን። ሜሪላንድ ይኖራል፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በሹፍርና ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ከግለሰብ እጅ አንድ መኪና በ11,000 ዶላር ሊገዛ ተስማምቷል። ሻጩ ታዲያ «ወረቀቱ ላይ 3,000 ብለን እንጻፈው፤ ግብሩ ይቀልልሃል» ይለዋል። ወንድማችን «ኡስታዝ፣ ሐሳቡን ያመጣው ሻጩ ነው። ግብር ደግሞ ዘካ አይደለም። ምን ችግር አለው ይላሉ?» ሲል ጠየቀን።

እኛም «በመጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንሥራው» አልነው። የሜሪላንድ የመኪና ግብር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመቶ 6.5 ነው፤ ከዚያ በፊት ከመቶ 6 ነበር። በ11,000 ዶላር ላይ 715፣ በ3,000 ዶላር ላይ ደግሞ 195 ዶላር ይመጣል። ልዩነቱ 520 ዶላር ነው። «አንድ ሰው መጥቶ በሐሰት መስክርልኝና 520 ዶላር ልስጥህ ቢልህ ትቀበለዋለህ?» ብለን ጠየቅነው። «አዑዙ ቢላህ!» አለ። «የሽያጭ ወረቀት ላይ የሰፈረው ፊርማህ ከዚህ በምን ይለያል?» አልነው። ዝም አለ።

ውድ አድማጮች፣ ስለ ግብር ዑለማዎች በየዘመናቱ ሰፊ ውይይት አድርገዋል። ዛሬ ወደዚያ አንገባም፤ የኛ ጉዳይ ከዚያ ይቀድማልና። ወረቀት ላይ መፈረም መመስከር ነው። የሐሰት ምስክርነትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቆቹ ወንጀሎች ጋር ቆጥረውታል። በዚህ አገር የምንኖረውም በቪዛ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በዜግነት ቃል ገብተን ነው። ሱረቱል ማኢዳህ የምትጀምረው ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ በሚያዝዘው የአላህ ቃል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስፍርና ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተጠራች ሱራም አለች። ሚዛን ላይ የሚያጎድለው ነጋዴና ወረቀት ላይ የሚያጎድለው ገዢ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ነገሩ በዱንያም አያዋጣም። መኪናው በሳምንቱ ካምቢዮው ቢበላሽና ሻጩ ጉድለቱን ደብቆ ቢገኝ፣ ወንድማችን ፍርድ ቤት ቀርቦ 11,000 ዶላር ከፍያለሁ ቢል የገዛ ፊርማው 3,000 ነው ብሎ ይመሰክርበታል። ከዚህም ሌላ የሜሪላንዱ ኤምቪኤ የመኪናውን የገበያ ዋጋ ከመዝገብ ያያል። መኪናው ሰባት ዓመት ካልሞላውና የተጻፈው ዋጋ ከገበያው በእጅጉ ካነሰ፣ ገዢና ሻጭ በኖታሪ ፊት የፈረሙበትን የሽያጭ ወረቀት ይጠይቃል። አንዱ ውሸት ሁለተኛ ፊርማ ፈለገ ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በአብዛኛው የመኪና ግብር የሚከፈለው መኪናው ለተገዛበት ስቴት ሳይሆን በስማችሁ ለሚመዘገብበት ስቴት ነው። ስለዚህ ግብር ወደሌለበት ስቴት ሄዶ መግዛት የቨርጂኒያን ነዋሪ ከቨርጂኒያ ግብር አያድነውም። የቨርጂኒያው ከመቶ 4.15 ሲሆን ከ75 ዶላር አያንስም። ዲሲ ደግሞ የመኪናውን ክብደትና የነዳጅ አጠቃቀም ተመልክቶ ያስከፍላል። ከዲለር የምትገዙ ከሆነ «የእኛን ስቴት ግብር ተቀብላችሁ ወረቀቱን ትልኩልናላችሁ? ወይስ ራሳችን ሄደን እንከፍላለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ዲለሩ የራሱን ስቴት ግብር ከወሰደ ደረሰኙን አትጣሉ። ብዙ ስቴቶች በሌላ ስቴት የተከፈለን ግብር ያስባሉ፤ ያለ ደረሰኝ ግን የሚያስብላችሁ የለም።

ሕጉ ራሱ የሰጠው ማቅለያ ካለ መጠቀም ነውር የለውም። ለምሳሌ እናት ለልጇ መኪና በስጦታ ብትሰጥ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ከግብሩ ነፃ የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው። ነገር ግን ገንዘብ ተቀብለን የሸጥነውን መኪና «ለዘመዴ የሰጠሁት ስጦታ ነው» ብሎ መፈረም ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ፈተና አድራሻ ነው። በቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ የንብረት ግብር ይጥላሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ይህ የለም። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ እያደሩ መኪናውን ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ዘመድ አድራሻ የሚያስመዘግቡ አሉ። እኛም ከዚህ ነፃ ነን አንልም። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የተዛወርን ጊዜ ታርጋውን መለወጥ ዛሬ ነገ እያልን ወራት አሳለፍን። ሕጉ ለአዲስ ነዋሪ የሚሰጠው 30 ቀን ብቻ ነበር። በኋላ የንብረት ግብሩ ከነቅጣቱ ደረሰን። ቅጣቱን መክፈል ቀላል ነበር። የከበደን ልጃችን «አባ፣ እዚያ እንደማንኖር እያወቅህ ነው?» ብሎ የጠየቀን ነው። መልስ አላገኘንለትም። ወደ ሜሪላንድ የምትዛወሩም ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ከወዲሁ አስቡበት።

የኢንሹራንሱን ጉዳይም አትርሱ። መኪናው በማያድርበት አድራሻ የተገዛ ኢንሹራንስ፣ አደጋ በደረሰ ቀን ኩባንያው ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው እኛ ብቻ ሳንሆን የገጨነውም ሰው ጭምር ነው። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ ይቅር ካላለ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በአገራችን ሊብሬ የምንለው እዚህ ታይትል ይባላል። አገር ቤት ስም ሳያዞሩ በውክልና ብቻ መኪና መግዛት የለመድን፣ እዚህም ሻጩ ፈርሞበት የገዢው ስም ባዶ የተተወ ታይትል ሲሰጡን ቅር አይለንም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ካልሆኑ ገንዘብ አትስጡ። የባንክ ዕዳ የተመዘገበበት እንደሆነ ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። በፔንሲልቬኒያ የሻጩ ፊርማ በኖታሪ ወይም ሥልጣን በተሰጠው ወኪል ፊት መረጋገጥ አለበት። መኪናው የሄደበት ማይልም በጽሑፍ ይስፈር፤ በፌዴራል ሕግ ከ2011 ሞዴል ወዲህ ለተሠሩት ይህ ግዴታ እስከ 20 ዓመት ይዘልቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት ኢንሹራንስ ግቡ፣ ጊዜያዊ ታርጋም ከየት እንደምታገኙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሻጩ ታርጋ እየነዱ መምጣት አይገባም። ሜሪላንድ የምታስመዘግቡ ያገለገለ መኪና የሜሪላንድ ኢንስፔክሽን ያስፈልገዋል፤ የምስክር ወረቀቱም ከተሰጠ 90 ቀን ያላለፈው መሆን አለበት። የቨርጂኒያው ስቲከር አያገለግልም። የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ቀድማችሁ አስቡት። «ርካሽ ነው» ተብሎ የተገዛው መኪና ከግብሩ፣ ከኢንስፔክሽኑና ከመንገዱ ጋር ሲደመር አንዳንድ ጊዜ ሰፈር ካለው ይወደዳልና።

አንዳንዶች «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላሉ። በቂያማ ቀን ግን ሁላችንም የምንጠየቀው በየራሳችን መዝገብ ነው። ገዢና ሻጭ እውነት ተነጋግረው ጉድለቱን ከተገላለጡ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከዋሹና ከተደባበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። በዚያ መኪና ልጆቻችንን መድረሳ እናደርሳለን፣ ሪዝቃችንን እንፈልጋለን፣ ለጁሙዓ እንሄድበታለን። በረካው ተነስቶበት ምን ሊሆነን ነው?

ያ ወንድማችን ለሻጩ ደውሎ ትክክለኛው ዋጋ እንዲጻፍ ነገረው። ሻጩ ትንሽ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ ግን 11,000 ብሎ ፈረመ። ወንድማችን 715 ዶላሩን ከፈለ። ያ ወር እንደከበደውም አልደበቀንም። አላህ በተሻለ ይተካለት፤ እኛንም በሚታየውም በማይታየውም ሥራችን ከእውነተኞቹ ያድርገን። ኣሚን።