ደለል የማይሞላው ቁጠባ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ መነጋገር ልማዳችን ነው። ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ግን የገዛ ደመወዛችን ነው። የሌላውን ሰው ሕንፃ እስከ መጨረሻዋ ሚስማር የሚተምን መሐንዲስ የራሱን ቤት ወጪ ሳይተምን መኖሩ ሊያስገርመን ይገባል።

ለጎንደር ከተማ ውኃ ከሚሰጡት አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። የዚህን ግድብ የመያዝ አቅም ያሳነሰው ከተራቆተው ተፋሰስ በየክረምቱ የሚገባው ደለል መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ቁጠባም እንዲሁ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ቀዳዳ፣ ይኸውም ልክ ያጣ ወጪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደለል፣ ይኸውም የዋጋ ንረት ነው። ስለ መጀመሪያው ወላጆቻችን አስተምረውናል። ሁለተኛውን ግን ራሳችን ማስላት አለብን።

ቀዳዳውን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። ከወጪ የተረፈውን እቆጥባለሁ የሚል ሰው ምንም አይተርፈውም፤ ስለዚህ ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ቢቻል ከአሥር እጅ አንዱ አስቀድሞ ይነሣ። ሠርጉ፣ ክርስትናውና ተዝካሩ ይቅር አልልም። ነገር ግን እንደ ድንገተኛ አደጋ ከመቁጠር ይልቅ በዓመቱ መጀመሪያ በበጀት እንያዛቸው።

ወደ ደለሉ እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ሲያወጣ፣ የገንዘቡ የመግዛት አቅም ወደ 82 ብር ግድም ወርዶ አገኘው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እቁብም ከደለሉ አያመልጥም። ለምሳሌ 20 አባላት በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 40,000 ብር ነው። ዋጋ በየወሩ ከመቶ 2 ቢጨምር፣ በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲሰላ እያንዳንዱ አባል የሚከፍለው በድምሩ 33,400 ብር ያህል ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ሙሉ 40,000 ብር ሲያገኝ፣ በመጨረሻ የሚደርሰው ግን የ27,500 ብር አቅም ያለው ገንዘብ ይቀበላል። ዳኛውም ጸሐፊውም አላጠፉም፤ ያጎደለው ጊዜ ነው። ስለዚህ እቁባችን ከ10 ወር ባይበልጥ፣ በመጨረሻ የደረሳቸውም በሚቀጥለው ዙር ቅድሚያ ቢያገኙ ፍትሐዊ ይሆናል።

የደባርቅና የዳባት ገበሬ ሀብቱን ሁሉ በብር አይዝም። እህሉን በጎተራ ያኖራል፣ በግ ያረባል፣ በጠፍ መሬቱ ላይ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ለአጣዳፊ ችግር በጉን፣ ለትልቅ ጉዳይ ዛፉን ይሸጣል። እኛም ገንዘባችንን በሦስት እንክፈለው።

አንደኛ፣ የሦስት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ በባንክ ይኑር። ይህ ገንዘብ ጥቂት ደለል ቢገባበትም የደኅንነት ዋጋ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሥራ የቆመባቸው ባልደረቦቻችን ጥቅሙን ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ለምንሠራው ቤት የምናጠራቅመው ገንዘብ እንደ ደረሰ ወደ ብረትና ወደ ቆርቆሮ ይለወጥ። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ስለሚያበላሸው አስቀድሞ አይገዛ።

ሦስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ለሙያ መሣሪያ፣ ለትምህርትና ለአክሲዮን ይዋል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ቢሆንም የኦዲት ሪፖርቱን ሳያነቡ፣ ይልቁንም በብድር ገንዘብ፣ አክሲዮን መግዛት አፈሩን ሳይመረምሩ መሠረት እንደ መጣል ነው። «ያልተገላበጠ ያራል» ማለት ሳይመለከቱ ማገላበጥ ማለት አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1964 የቁጠባና የብድር ማኅበር አቋቁመው ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች አርአያ ሆነዋል። እኛም ከደመወዛችን በየወሩ የሚቀነስበት፣ አባላት በተመጣጣኝ ወለድ የሚበደሩበት የራሳችን ማኅበር ብናቋቁም፣ አንድ ባልደረባችን ሲታመም ወይም ሥራው ሲቋረጥ በየቢሮው መዋጮ ከመለመን እንድናለን። ጉባኤው አጥኚ ኮሚቴ ሰይሞ፣ ረቂቅ መተዳደሪያ ደንቡ ለሚመጣው ዓመት እንዲቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ።