ድንኳኑን ማን ይተክላል?

የዛሬው ርዕሳችን ሰላማዊ ትግል ነው። ሰላማዊ ትግል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስለው አለ። አይደለም። እስቲ የካ ሚካኤል ሰፈር ያለ አንድ እድር አስቡ። ዳኛው ያዛል። ታዲያ አባላቱ መዋጮ ባይከፍሉ፣ ድንኳን የሚተክልም ቢጠፋ፣ ትእዛዙ ምን ይሠራል? ሥልጣንም የሚቆመው በሰው ትብብር ነው። ሰላማዊ ትግል ያንን ትብብር መንፈግ ነው።

ለምሳሌ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ሲወደድባቸው መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም ማስተማር አቆሙ። እርግጥ፣ በዚያው ሰሞን አውቶቡስ ላይ ድንጋይ የወረወሩ ነበሩ፤ እሱ ሰላማዊ ትግል አይባልም። መንግሥትን ይበልጥ ያስጨነቀው ግን፣ በእኔ ግምት፣ የቆመው ታክሲ ነው። በቀናት ውስጥ የቤንዚን ዋጋ ተቀነሰ፤ መምህራኑ የተቃወሙት የትምህርት ዕቅድም እንዲዘገይ ተደረገ።