የሀዋይ የእንጨት ሳሕንና ቅርጹ



በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙት የሀዋይ ደሴቶች ሰዎች «ኡሜኬ» የሚሉት ጎድጓዳ የእንጨት ሳሕን አላቸው። የሚቀርብበትም ፖይ፥ ማለት እኛ ጎደሬ የምንለው ሥር ተቀቅሎና ተወቅጦ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። ኮዋ የተባለው ያማረ እንጨት የምግቡን ጣዕም ስለሚያበላሽ ኮው የተባለው ይመረጥ ነበር፤ ይህም ዛፍ የዋንዛችን ዘመድ ነው።

የጥንቱ ባለሙያ በድንጋይ መጥረቢያ ፈልፍሎ፥ በኮራልና በአሸዋ አለስልሶ፥ የኩኩይ ፍሬ ዘይት ይቀባው ነበር። የዛሬው በቶርኖ ይሠራል። እርጥቡን እንጨት በወፍራሙ አውጥቶ ለወራት ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ ይጣመማልና እንደ ገና በቶርኖ ያቀናዋል። ከዚህ በኋላ ፍርዱ የዓይንና የእጅ ነው። መቀመጫው ወፍራም፥ ከንፈሩ ስስ ይሁን፤ ክብደቱ ወደ ታች ሲወርድ ሳሕኑ እግር ሳይበጅለት ጸንቶ ይቀመጣል። የጎኑም መስመር ከከንፈሩ እስከ መቀመጫው ሳይሰበር ይውረድ። ጀማሪ ሰው ሥሩን ጠፍጣፋ አድርጎ ሲቆርጠው፥ በእኔ አስተያየት፥ ቅርጹ እዚያው ይሞታል። ነገር ግን ጥቂት አብዝቶ የላጠው እንደ ሆነ የወራት ድካሙን ይበሳዋል።

ቢሰነጠቅስ? ሀዋያውያን «ፔዋ» በሚሉት፥ መካከሉ ቀጭን ሁለት ጫፉ ሰፊ በሆነ የእንጨት ቁራጭ ስንጥቁን ይጠግኑታል። በብልህ እጅ የተጠገነውም ሳሕን ሞገሱ ይጨምራል፤ እንዲህ ያሉት በ1889 እ.ኤ.አ. በሆኖሉሉ በተመሠረተው በቢሾፕ ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ።