ጡረታ የሽማግሌ ጉዳይ ነው ያለው ማነው?

(ጸሐፊው በቅርቡ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ያደረገው ንግግር)



እውነቱን ልናገር፤ ስለ ጡረታ ንገራቸው ስባል ስቄያለሁ። ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነዋ! ዛሬ ቀጣሪ የለኝም፤ ጽሑፍ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። ቀደም ሲል ግን ባንድ የግል ድርጅት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። በየወሩ «ጡረታ» እየተባለ ይቆረጥብኝ ነበር። ሥራውን ስለቅ ባጣራ ገቢ የተደረገልኝ የሁለት ዓመቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሦስቱ ዓመትስ? የበላው ጅብ አልጮኸም! ጥፋቱ የድርጅቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «ገብቷል ወይ?» ብዬ ያልጠየቅሁት ግን እኔ ነኝ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ተሿሚውስ በልቷል፤ ሳንሾም የምንሻረው እኛ ምን ይዋጠን?

እስቲ ሕጉን እንየው። አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ የግል ድርጅት ሠራተኛ የግዴታ ጡረታ አልነበረውም። ዛሬ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። መጦሪያው ዕድሜ 60 ነው። ስሌቱም ይሄ ነው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፤ ጣሪያው 70 በመቶ። እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 10 ሺህ ብር የሆነ ሰው፣ በ22 ዓመቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ ከሠራ በወር 6,500 ብር ያገኛል፤ በ50 ዓመቱ ከጀመረ 3,000 ብር ብቻ። አሥር ዓመት ያልሞላውማ የወር ጡረታ የለውም! የኔ ሦስት ዓመት ቀልድ እንዳልሆነ አያችሁ?

ታዲያ ጡረታ ብቻውን ያኖራል? አያኖርም! ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ዕድሜ ልኩን በብር ያጠራቀመ ሽማግሌ የማንን ፖሊሲ ዕዳ ነው የሚከፍለው? ይሄን መጠየቅ ፖለቲካ ነው ከተባለ ይባል፤ ገንዘቡ የኛ ነው!

«ለሚቀልጥ ብር ምን አስቆጠበኝ?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ያልቆጠበ እኮ የሚቀልጥም የለው! ይልቅ እንዲህ እናድርግ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። በየዓመቱ ገቢ መደረጉን በወረቀት ጠይቁ። ሥራ ስትቀይሩ ማስረጃችሁን ሳትይዙ አትውጡ። ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ከወጪ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ። ዕቁብ ግቡ፤ ሲደርሳችሁ ግን ለድግስ ሳይሆን ገቢ ለሚያመጣ የሥራ ዕቃ አውሉት፤ ዕቃ እንደ ብር ባንዴ አይረክስም።

እኔ 11 በመቶ የሚጨምርልኝ አሠሪ የለኝም። ስለዚህ ከሸጥኩት ጽሑፍ ካሥር ብር ሁለቱን መለየት ጀምሬያለሁ፤ ዘግይቼ። እናንተ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ናችሁ። ነገ ጧት ከሻይ በፊት ሒሳብ ክፍል ጎራ በሉና «የኔ ጡረታ ገብቷል?» በሉ። የሚቆጣ ካለ፣ ያኔ ነው መጠርጠር!